የማይወዛወዝ ውሃ

ኦክቶበር 24

ዛሬ የስኳር ፋብሪካችን ቦይለር፣ የእንፋሎት ማፍያው፣ ተለኮሰ። እንደ ልማዱ እሳቱን የሚለኩሱት ባልና ሚስት ናቸው፤ ዘንድሮ ለመጋዘን ኃላፊውና ለሚስቱ ደረሰ። የምድጃው አፍ በእርድና በቀይ ዱቄት ተቀባ፣ ኮኮናት ተሰበረ፣ ካህኑ አነበነበ። ሚስትየዋ የባሏን ክንድ በጣቶቿ ነክታ ቆመች፤ እሱ ችቦውን ወረወረ። የአገዳው ገለባ ወዲያው ተያያዘ። እሳቱ የአገዳ መፍጫው ወራት እስኪያልቅ እንዳይጠፋ ሁላችንም እጃችንን አጋጥመን ለመንን።

አምና እዚያ ቦታ የቆምነው እኔና ሚስቴ ቫሳንቲ ነበርን። ጭሱ አፍንጫዋ ገብቶ በካህኑ ጸሎት መሃል ስታስነጥስ ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እቤት እስክንደርስ አኮረፈችኝ፤ ማታ ላይ ራሷ አስታውሳ ሳቀች።

ዘንድሮ ማንም አልጠየቀኝም። ከኋላዬ አንዱ፣ «ዲንካርን ዘንድሮ ተዉት፣ ቤቱ ሐዘን አለ» ሲል ሰማሁ። ክፋት የለውም። የሐዘን ቤት ለመባል እንኳ የምንበቃ አይመስለኝም፤ ልጃችን በሕይወት አንድ ቀን ብቻ ነው የነበረችው። ይህን አንድ ጊዜ ጻፍኩት፤ ሁለተኛ አልጽፈውም።

ስለ ሌላው ልጻፍ። የቦይለር መሐንዲስነት የብቃት ፈተና ዲሴምበር ላይ ነው፤ ያንን ያለፈ ፌብሩዋሪ ላይ ፑኔ ከተማ ሄዶ በቃል ይጠየቃል። ምስክር ወረቀቱን ያገኘ ከፋብሪካው አጥር ሥር ካሉት ቤቶች አንዱ ይሰጠዋል። ሁለት ክፍል፣ የራሱ የውሃ ቧንቧ፣ ደጁ ላይ ቱልሲ የሚባለው የጸሎት ተክል የሚቀመጥበት ትንሽ መደብ። የቤቱን ቁልፍ ይዤ ሄጄ ቫሳንቲን ከወላጆቿ ቤት አመጣታለሁ። ሐሳቤ ይኸው ነው፤ ሌላ ሐሳብ የለኝም።

ኖቬምበር 2

እናቴ የማሽላ ቂጣና የሽንብራ ዱቄት ወጥ ሸፍና ጠበቀችኝ። ስበላ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ ታየኛለች። ቫሳንቲን መቼ እናምጣት አልኳት። መልሷ ያው ነው፤ የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፣ ከዚያ የልጅቷ ወገኖች ሕፃኑን ታቅፈው፣ አልጋውንና ጣፋጩን አስይዘው፣ ቀን መርጠው ራሳቸው ያመጧታል።

«ባዶ እቅፍ የሚመጣበትን ሥርዓት ግን እኔ አላውቅም» አለች። «እነሱ ያምጧት። እኛ ከሄድን ጥፋቱ የኛ ይመስላል።»

የቫሳንቲ አባት ደግሞ በሰው ልከውብኛል፤ ባል ደጄ ቆሞ ካልጠራት ልጄን ለማን እልካለሁ ብለዋል። ሁለቱም ወገን እንደየወጉ ትክክል ነው። እኔ መሃል ቆሜ እንፋሎት እለካለሁ።

በፈረቃዬ ምድጃውን የሚቀልቡት፣ ሁላችን ካካ፣ አጎቴ፣ የምንላቸው ሃሪባ ካካ ይህን ሲሰሙ ሳቁብኝ። ልጃቸው ሱራት ከተማ ሄዶ ቀርቷልና የጓሮ ክፍላቸው ባዶ ነው፤ ዝናብ ያፈሳል እንጂ ሁለት ሰው ይይዛል አሉኝ። አመስግኜ እምቢ አልኩ። በሚያፈስ ክፍል ምን ብዬ አመጣታለሁ? ከዚያ ሁሉ በኋላ?

ኖቬምበር 10፣ ዲዋሊ፣ የመብራት በዓል

የመንደሩ ደጅ ሁሉ በመብራት ተሞልቷል። የኛ ደጅ ጨለማ ነው፤ እናቴ ዘንድሮ አይበራም አለች። ጎረቤት የላከችልንን ጣፋጭ ማንም አልነካውም፣ ጉንዳን ወረሰው።

ደወልኩ። ቫሳንቲ መንደር ስልክ ያለው ባለሱቁ ማሩቲ ጋ ብቻ ነው። ማሩቲ ደጁ ላይ ወጥቶ ስሟን ይጠራል፤ እኔ ዘግቼ ትንሽ ቆይቼ እንደገና እደውላለሁ። የገበያተኛው ጫጫታ ይሰማል፣ ሚዛን ሲንኳኳ ይሰማል፣ ከዚያ የሷ ድምፅ።

ሁሉ ደህና ነው አለች። ሽንብራው ሊያብብ ነው። በላህ? በላሁ አልኳት። አንቺስ? በላሁ። ማሩቲ ደግሞ ከጎኗ ሆኖ፣ «አማችዬው ድምፃቸው ቀጠነ፣ አይበሉም መሰለኝ» ይላል።

ድምጿ የተረጋጋ ነው። ከፍ ዝቅ አይልም። እየተጽናናች ነው ማለት ነው። እኔም ቀለለኝ፤ ተመልሼ ስለ እንፋሎት ሙቀት አንድ ምዕራፍ ጨረስኩ።

ኖቬምበር 19

ስልችት ብሎኛል። የአገዳው ጋሪ ከበሩ እስከ ዋናው መንገድ ተሰልፏል፤ ሌሊትም ቀንም የበሬ ቃጭል ነው። ሁለት ፈረቃ ደርቤ ሠራሁ። ምንም አላነበብኩም።

ኖቬምበር 24

እሑድ። ደወልኩ። ሁሉ ደህና ነው። ሽንብራው አበበ። በላህ?

ዲሴምበር 3

ዛሬ ዕረፍቴ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ሳነብ ዋልኩ። የድሮ ፈተና ጥያቄዎችን ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ተውሼ አንድ በአንድ መለስኩ። ብዙዎቹ ቀላል ናቸው። ለምሳሌ፦ የውሃው መለኪያ መስታወት፣ ከቦይለሩ ውጭ የቆመው ቱቦ፣ ላይ ውሃው ፈጽሞ ሳይወዛወዝ ቢታይ ምን ያመለክታል? ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ከቦይለሩ ጋር የሚያገናኘው መንገድ ተደፍኗል። አለፍኩት። እኔን የሚያስቸግረኝ ሒሳቡ ነው።

ከሰዓት በኋላ የወንድሜ ሚስት ጓዳ ውስጥ ከእናቴ ጋር ስታወራ ግድግዳው አላስቀረልኝም። «ሰውየው ሚስቱን ረስቶ መጽሐፍ አገባ» ትላለች። እናቴ፣ «ዝም በይ፣ የሆዱን ሆዱ ያውቀዋል» አለቻት። እናቴ ያለችው ከስድቡ ይልቅ አስከፋኝ። ሆዴ ምን እንደሚያውቅ ለኔም አልነገረኝም።

የቫሳንቲ ሳሪ እስካሁን ገመዱ ላይ ነው፣ አረንጓዴው፣ ስትሄድ አልደረቀም ብላ የተወችው። ማንም አያወርደውም። ፀሐይ መሃሉን አነጣው። ላወርደው ተነሳሁና ተመለስኩ፤ ሒሳቤን ማቋረጥ አልፈለግኩም።

ዲሴምበር 15

የጽሑፉን ፈተና ተፈተንኩ። እጄ ዝሏል። በአውቶቡስ ስመለስ አጠገቤ ያለች ሴት ሕፃን ይዛ ነበር። ቦታ ቀየርኩ።

ዲሴምበር 22

ደወልኩ። ሁሉ ደህና ነው አለች። ፈተናው እንዴት ነበር አለች፤ ደህና ነው አልኳት። ከዚያ የማሩቲ ሚዛን ብቻ ይንኳኳል። «የሽንብራው ነገርስ?» አልኳት። «አፈራ» አለች።

ስለ ሌላ ነገር ልጠይቃት ነበር። ምን እንደሆነ አሁን ስጽፍ ጠፋኝ።

ጃንዋሪ 14፣ ሳንክራንቲ

ሰሊጥና የአገዳ ስኳር የምንሰጣጣበት ቀን ነው፤ «ሰሊጡን ውሰድ፣ ጣፋጭ ጣፋጩን ተናገር» እየተባለ። ከጠላቱ የተኳረፈ እንኳ ዛሬ ይታረቃል። ሳሄብ፣ ጌታዬ፣ የምንላቸው ዋና መሐንዲሳችን ፓትዋርድሃን ሳይቀሩ በየክፍሉ እየዞሩ አደሉ፣ ጢማቸው ላይ ሰሊጥ ቀርቶ።

ቫሳንቲ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ትንሽ ጥቅል ላከችልኝ። ክብ ክብ የሰሊጥ ጣፋጭ፣ እሷ የምትሠራው ዓይነት፣ ኦቾሎኒው ብዙ። ደስ አለኝ፤ ልቡ የተሰበረበት ሰው ጣፋጭ አይጠቀልልም። ልነግራት ደወልኩ። «ሰሊጡን ውሰድ» ብላ ጀመረች፣ «ጣፋጭ ጣፋጩን» አለችና መስመሩ ተቋረጠ። ማለቴ፣ ስልኩስ አልተዘጋም ነበር፤ ሚዛኑም ጫጫታውም ይሰማል፤ የሷ ድምፅ ብቻ ጠፋ። በኋላ ማሩቲ ተቀብሎ፣ «ሄደች፣ ወተት ሊገነፍልባት ነው መሰለኝ» አለኝ።

እነዚያ መስመሮች አይረቡም። መንግሥት ቢቀይራቸው ጥሩ ነበር።

ጃንዋሪ 20

ይህን ልጻፈው።

የከሰዓት ፈረቃ ስረከብ ጭንቅላቴ የፓምፕ ሒሳብ ላይ ነበር። መስታወቱን አየሁት። ውሃው ልክ ግማሽ ላይ ነው፣ ቆንጆ፣ ጸጥ ያለ። ፈረቃ ተረካቢ ከሁሉ በፊት የመስታወቱን የታች ቫልቭ ከፍቶ ውሃውን ማስወጣትና ተመልሶ ሲሞላ ማየት አለበት። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። አላደረግኩም። አይቼው፣ ደህና ነው ብዬ ፈረምኩ።

ሻይ እየጠጣሁ ሳለ የውሃ ማነስ ፊሽካው ጮኸ። መስታወቱ ግን አሁንም ግማሽ ነው። እንዲያውም ፊሽካው ተበላሸ አልኩ፤ ይህን ማለቴን ሃሪባ ካካም ሌሎቹም ሰምተዋል። ሃሪባ ካካ ጨርቅ በእጃቸው ጠቅልለው ሮጡና ቫልቩን ከፈቱት። ያ ጸጥ ያለ ውሃ ፈሰሰና አለቀ። አልተመለሰም። የታችኛው መንገድ በዝቃጭ ተደፍኖ ነበር፤ መስታወቱ ሲያሳየን የዋለው የጠዋቱን ውሃ ነው።

ያን ጊዜ ቢያንስ ውሃ ጨምሩ አላልኩም። የጋለ ብረት ላይ ውሃ ቢገባ ቦይለሩ ፈንድቶ ዛሬ ይህን የሚጽፍ ሰው አይኖርም ነበር። እሳቱን አውጡ አልኩ። ፍሙን ከምድጃው ጠርገን አወጣነው። ፋብሪካው በሙሉ ቆመ፤ ኦክቶበር ላይ የተለኮሰው እሳት ጠፋ።

ሃሪባ ካካ ላባቸውን ሲጠርጉ ቆዩና፣ «መጽሐፉን ስታነብ መስታወቱን ማንበብ ተውክ፣ ልጄ» አሉኝ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

ጃንዋሪ 21

እንደገና ኮኮናት ተሰበረ፣ እሳቱ እንደገና ተለኮሰ። የመጋዘን ኃላፊው ሚስት እንዳላየችኝ ሆና አለፈች። ምንም አልጎደለም፣ ማንም አልተቃጠለም። ግን ከጠዋት ጀምሮ ስሜ «መሐንዲሱ» ሆኗል። «መሐንዲሱ መጡ፣ ፊሽካውን ደብቁት!»

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። የኔው ግን አላሳሳቀኝም። ዝም ብሎ ነው ሊወስደኝ የነበረው።

ጃንዋሪ 26

ደወልኩ። ስለ እሳቱ አልነገርኳትም፤ ደህና ነኝ አልኳት። እሷም ደህና ናት።

ፌብሩዋሪ 6

የጽሑፉን ፈተና አልፌያለሁ። ለቃል ፈተናው ፈቃድ ልጠይቅ ፓትዋርድሃን ሳሄብ ቢሮ ገባሁ። ወረቀቱን ረዥም ጊዜ አዩት። ከዚያ ፈረሙና፣ «እዚያ ያሉት ሰዎች ፊሽካ የላቸውም፣ ራስህ ንቃ» አሉኝ። የፑኔው ቀን ብቻ ነው የተፈቀደልኝ፤ በማግስቱ ፈረቃዬ ላይ ካልተገኘሁ ሌላ ሰው እንደሚተኩ ተናገሩ። ይገባኛል። በመፍጫ ወራት ማን ይቀመጣል?

ለእናቴ ነገርኳት። ሳመችኝ። ቀጥላም፣ ቤት ካገኘሁ ጀርባዋ ስለሚያማት ፎቅ እንዳልመርጥ አሳሰበችኝ። ከኛ ጋር ልትገባ እንደሆነ የገባኝ ማታ ነው። ዝም አይነቅዝም ብዬ ተኛሁ።

ፌብሩዋሪ 17

ፑኔ ደርሻለሁ፤ የማድረው አውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ነው። አልጋው ተባይ አለው። የማስበው ፈተናውን መሆን ነበረበት። የማስበው ያን አንድ ቀን ነው፣ ኦክቶበር ላይ ቫሳንቲ ጋ የሄድኩበትን። እዚያ ስደርስ ሁሉም አልቆ ነበር። ቀባሪዎቹ ከወንዙ በኩል እግራቸውን ታጥበው ሲመለሱ አገኘኋቸው። ቫሳንቲ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። የቦይለር ተቆጣጣሪ በማግስቱ ሊመጣ ስለነበር ያንኑ ማታ ተመለስኩ። ተቆጣጣሪው በሦስተኛው ቀን ነው የመጣው።

አልጽፈውም ብዬ ነበር።

ፌብሩዋሪ 18

ሦስት ፈታኞች ናቸው። ሁለቱ ሒሳብ ጠየቁኝ፤ መለስኩ። መሃል የተቀመጡት፣ አንገታቸው ላይ ሻርፕ የጠመጠሙ ሽማግሌ፣ እስከ መጨረሻው ኦቾሎኒ ሲፈለፍሉ ቆይተው ቀና አሉ።

«ፈረቃ ተረከብክ። መስታወቱ ግማሽ ላይ ነው፣ ውሃው ጸጥ ብሏል። ደስ ይልሃል?»

«አይለኝም፣ ሳሄብ።»

«ለምን? ግማሽ መሆን አለበት፤ ግማሽ ነው።»

«ከቦይለሩ ጋር የተገናኘ ውሃ ዝም አይልም። ውስጡ እየፈላ ነውና ይወዛወዛል። ዝም ካለ መንገዱ ተደፍኗል። የማየው የቆየ ውሃ ነው፣ ውስጥ ያለውን አይነግረኝም።»

«እና?»

«የታችኛውን ቫልቭ ከፍቼ አያለሁ።»

«ለምን ትከፍታለህ? ሊያቃጥልህ ይችላል። ዝም ብሎ ግማሽ ነው ብሎ መቀመጥ አይቀልም?»

ጆሮዬ ውስጥ የማሩቲ ሚዛን ይንኳኳል። ሁሉ ደህና ነው። ሽንብራው አበበ። በላህ? ሽማግሌው ኦቾሎኒያቸውን ይዘው ጠበቁኝ። «ይቀላል፣ ሳሄብ» አልኩ በመጨረሻ። ሳቁና ሂድ አሉኝ። ውጤቱ በፖስታ ይመጣል።

አውቶቡስ ጣቢያው ላይ ነኝ። የፋብሪካችን አውቶቡስ በስተቀኝ ሞተሩን አስነስቷል፣ ረዳቱ ይጣራል። የቫሳንቲ መንደር አውቶቡስ ገና ባዶ ነው። ይህን የምጽፈው በባዶው ውስጥ ተቀምጬ ነው። ቁልፍ የለኝም። ነገ ከሰዓት ፈረቃ አለኝ።

ፌብሩዋሪ 19

መሽቷል። የቫሳንቲ ወላጆች ደጅ፣ የግንቡ መደብ ላይ ነኝ።

መንገድ አድሬ ከሰዓት ደረስኩ። አባቷ እንደ እንግዳ ተቀበሉኝ፤ ጨርቅ አነጠፉልኝ። ቫሳንቲ በነሐስ ኩባያ ውሃ ይዛ ወጣች፣ ራሷን ተከናንባ፣ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ። ከስታለች። «ሁሉ ደህና ነው?» አለችኝ፣ በዚያው በስልኩ ድምፅ።

«የት ነው ያስቀመጧት?» አልኳት።

ኩባያውን አልተቀበልኩም ነበር። ከእጇ ወደቀ ልበል ወይስ ወረወረችው? ወረወረችው። ውሃው ደረቴ ላይ ተደፋ፣ ኩባያው ከግንቡ ጋር ተላተመ።

«አሁን ነው የምትጠይቀኝ?» አለች። «ማሩቲ ሱቅ፣ ጨውና ጋዝ መሃል፣ የመንደሩ ሰው አፌን እያየ፣ በየእሑዱ ይህችን አንዲት ነገር እንድትጠይቀኝ ጠብቄያለሁ። አንተ ስለ ሽንብራ ትጠይቀኛለህ! ሽንብራ! ፀጉር እንደነበራት ታውቃለህ? አንድ ቀን ሙሉ ፀጉር ነበራት፣ ማን አየው? እኔ ብቻ!»

እናቷ ከጓዳ ሮጠው መጡ፣ ሰው ይሰማል፣ ዝም በይ አሏት። «ይተዉአት» አልኳቸው። እሷ ጮኸች፣ ደረቴን መታችኝ፣ እናቴን ሰደበች፣ ቦይለሩን ሰደበች፣ አባቷንም ጨመረች፤ እሳቸውም ጥምጥማቸውን ይዘው ወደ በረት ሄዱ። ጎረቤት በአጥር ላይ ብቅ ብቅ አለ። እኔም አለቀስኩ። እስከ ዛሬ አላለቀስኩም ነበር፤ እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም ነበር።

አራት ወር ሙሉ ሳይነቃነቅ ያየሁት ውሃ ተወዛወዘ።

ሲመሽ ድምጿ ጎርንኖ ቁጭ አለች። የፋብሪካውን ቤት ቁልፍ አምጥተሃል ወይ አለችኝ። ባዶ እጄን ነው የመጣሁት አልኳት። የሃሪባ ካካን ክፍል ነገርኳት፣ ያፈሳል አልኳት። «ባዶ እጅ ይሻላል» አለችና ገባች።

ፌብሩዋሪ 20

ጠዋት ወደ ወንዙ ወሰደችኝ፣ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ኒም ዛፍ ሥር ነው። ሦስት ድንጋዮች፣ አንደኛው ላይ የደረቀ ቢጫ አበባ። ማን አበባ እንደሚያመጣ አልጠየቅኳትም፤ ይህን ያህል ገብቶኛል። ተቀመጥን። ስለ ልጃችን ፀጉር ነገረችኝ። ግንባሯ ላይ ወርዶ፣ ለስላሳ፣ እርጥብ፣ እንደ እናቴ ከግራ የሚዞር። ስለ ጣቶቿ ነገረችኝ። ቀስ ብላ፣ ምንም ሳታስቀር።

ፈረቃዬ ትናንት አልፏል። ሌላ ሰው ተክተው ይሆናል። ምስክር ወረቀቱም ይምጣ አይምጣ ፖስታው ያውቃል።

አባቷ ቀን ሳይመርጡ፣ አልጋ ሳያስይዙ፣ እስከ ደጅ ብቻ ሸኙን። ቦርሳሽን ልያዝልሽ አልኳት፤ አልሰጠችኝም። እስከ አውቶቡሱ ድረስ ያለውን መንገድ በሙሉ ስትሰድበኝ ሄደች። አላቋረጥኳትም።